አባቴ ያላረሱት ሣር

አባቴ፣ ሁላችሁም አያ ደምሌ የምትሏቸው ገበሬ፣ በጥር ወር የገብሱ ውቂያ አልቆ እህሉ ጎተራ በገባ ሰሞን፣ በተወለዱባት የስማዳ መንደር ዐርፈዋል። ሕመማቸው አጭር ነበር። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ይልቁንም በቀብራቸው ላይ «በቃኝን የሚያውቁ ሰው ነበሩ» እያላችሁ ላለቀሳችሁ።

ማሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ይጀምርና ቦረቦሩ አፍ ላይ ያበቃል። ቦረቦሩ ጎርፍ የቆፈረው ገደል ነው፤ በየክረምቱ አፈሩን እየናደ ወደ ላይ ይወጣል። አባቴ ከአፉ ዳር ሰፊ የሣር ቦታ ሳያርሱ ትተው ኖሩ፤ አፈሩን የያዘው የሣሩ ሥር ነበር። ጎረቤቶቻቸው እስከ ጫፍ ያርሱ ስለነበር የጨመሩትን ሁሉ ቦረቦሩ መልሶ ወሰደባቸው።

ጎረቤታችን አያ ፈንቴ አንድ ቀን በሬዎቻቸውን አቁመው፣ «አያ ደምሌ፣ ያን ሁሉ ሣር ለማን ነው የሚያሳድጉት? ጅብ ሊድሩበት ነው?» ሲሏቸው ሰምቻለሁ።

አባቴ እርፉን ሳይለቁ፣ «ለቦረቦሩ ድርሻውን ሰጥቼዋለሁ። የራሱን የያዘ የሰው አይመኝም» አሉ።

ሣሩን አጭደው መጀመሪያ የሚያደርሱት ባሏ ለሞተባት ጎረቤታቸው ላም ነበር። ሴትዮዋ ስታመሰግናቸው፣ «ላሟ ታመስግነኝ፤ አንቺ ሥራ አለብሽ» ይሏት ነበር።

ማታ ሥራቸውን ሲፈጽሙ እዚያው ሣር ላይ ተቀምጠው የገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኔ የአፈር ሳይንስ ተምሬ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኜ፣ ከተማ ልውሰድዎ እያልሁ ስጨቀጭቃቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ የጎደለኝ ካለ ፈልጊና ንገሪኝ» አሉኝ። ፈለግሁ። አላገኘሁም። ይህም አናደደኝ።

ለአርባቸው ተዝካር ስመለስ ሣሩ የለም። ታላቅ ወንድሜ እስከ ቦረቦሩ አፍ አርሶታል።

«ምን አነሰህ?» አልሁት።

«እቴ፣ አንቺ የምታርሽው ወረቀት ነው፤ አይናድብሽም። እኔ ጥቂት ፈር ብጨምር ምን አለበት? ሁሉም አርሶ የለም እንዴ?»

የወንድሜ ልጆች አልተራቡም። ጎተራው ሙሉ ነበር፤ የሞሉትም አባቴ ናቸው።

ድንኳኑ ውስጥ የሟቹ በቃኝ ባይነት ይወደስ ነበር። አያ ፈንቴ ጠላቸውን ይዘው፣ «እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም» አሉኝ።

«የሚፈልገውም የለም» አልኋቸው።

በመጋቢት ካፊያ ጣለ፤ ቀላል ዝናብ ነበር። ወደ ማሳው ስወርድ ከመጨረሻው ፈር ወደ ውስጥ፣ የቦረቦሩን አፍ ተከትሎ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቶ አየሁ። ወንድሜ አፈር መለሰበትና በእግሩ ጠቀጠቀው። በማግሥቱ ከዚያ በላይ ሌላ ስንጥቅ ነበር። ሣሩ ከክረምቱ በፊት እንዲተከል ሽማግሌ ላክሁበት። «ከአዝመራው በኋላ» የሚል መልስ መጣልኝ። አሁን ግንቦት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል።

አባዬ፣ በሰላም ይረፉ እንዳልልዎ የማውቀው ነገር ይከለክለኛል። የተቀበሩት በቅጽሩ ታችኛው ጥግ ነው። ቦረቦሩ ማሳዎን ሲጨርስ ከመንደሩ ሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ከእርስዎ ዘንድ ነው። የመጣ ዕለት እንግዳ አይምሰልዎ፤ መንገዱን የጠረግንለት እኛ ነን፣ ልጆችዎና ያለቀሱልዎ ጎረቤቶችዎ። ደኅና ይሁኑ።