ከማክሰኝት በላይ፣ እሳት የነበረው ተራራ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እኅቴ ውዴ የሚጥል በሽታ ነበረባትና ከእናታችን ጋር ሦስት ሆነን ከጎንደር ለጠበል ተነሣን። ኪኒኗን ካቆመች አምስተኛ ቀኗ ነው። «ኪኒንና ጠበል አይስማሙም» ብላ ያስቆመቻት እናቴ ናት፤ በሰፈራችን ሁሉም እንዲያ ይላል። እኔ ልቤ እየፈራ ዝም አልሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆይተን ማክሰኝት ስንደርስ ገበያ ነበር፤ በጎቹ ከመንገድ አልወርድም ብለው ሹፌሩን አስለፈለፉት። ከዚያ ባጃጁ እስከቻለበት ሄደን የቀረውን በእግር ወጣን። ተራራው ጥቁር ነው፤ ድንጋዩ እንደተከመረ ፍልጥ ቆሟል።

«ይኸ ጥንት እሳት ሲተፋ የኖረ ነው» አሉን ከጠበሉ አጠገብ ያለው የጥንት ነገሥታት ፍርስራሽ ግንብ ጠባቂ አያ ፈንቴ፣ መንገድ ላይ ተገናኝተን። «ጠበሉም ለዚያ ነው አሉ የሚሞቅ።»

ከጠበሉ ስንደርስ አጥማቂው ቄስ ውዴን «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አሏት።

እናቴ ቀደመች። «ትታዋለች አባ፤ በእምነት ነው የመጣን።»

«ምነው? መድኃኒቱም የእግዜር ነው። እየዋጠች ትጠመቅ።»

«እሺ አባ» አለች እናቴ። ግን ኪኒኑን ከቤት ትታው ነበር የመጣች።

ሰባት ሰዓት

ተጠምቃ፣ በሶ ጠጥተን፣ ግንቡን ልናይ አለፍን። ጣሪያው የለም፤ በኖራ የተያያዘው ግድግዳ ላይ ቀጋ በቅሏል። ውዴ ሳናያት ከግድግዳው አናት ላይ ወጣች።

«እማ፣ ጣና ታየኝ!»

«ውረጂ!» አልኋት።

አያ ፈንቴ ሳቁ። «ነገሥታቱ ጥለውት የሄዱትን፣ አንቺ ልትነግሺበት ነው?»

«ሸጋ ባል ያምጡልኝና እነግሣለሁ፣ አያ!»

ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ፈጦ ቀረ፤ ክንዷ ተንዘፈዘፈ፤ በግድግዳው ማዶ ወደቀች።

የአገሩ ሰው በቃሬዛ እየተቀባበለ ሲያወርዳት፣ መኪና መንገድ ሳንደርስ ትንፋሿ ቆመ። ሲመሽ ጎንደር ገባን፤ ጎረቤቱ ጩኸታችንን ሰምቶ ወጣ። ያን ቀን ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ ዝም ያልሁበትን ነገር አብሬ እንዳደረግሁት ነው።

ከአርባዋ በኋላ፣ በዚያው በሽታ የምትሠቃይ የጎረቤት ልጅ ኪኒን አቁማ ለጠበል ልትሄድ መሆኑን እናቴ ሰማች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄዳ፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት «ልጄን መድኃኒቷን የነጠቅኋት እኔ ነኝ» አለቻቸው። ውሃ አስቀዳች፤ ልጅቱ ኪኒኗን እስክትውጥም ቆማ ጠበቀች።