አኬሎ ያጠነችው የቅርስ ቤት

አኬሎ ኦጅዋክ በጋምቤላ የቅርስ ቤት ጽዳት ሆና የተቀጠረችው በ1958 ዓ.ም. ነበር። የቅርስ ቤት የሚባለው ባሮ ዳር ካሉት የድሮ የወደብ መጋዘኖች አንዱ ነው። ከሱዳን ይመጡ የነበሩት መርከቦች ሲቀሩ ባዶውን ቆመ። በኋላ አንድ ቅርስ ወዳድ ሹም ከየመንደሩ የአኙዋክን ከበሮ፣ ጦር፣ ጨሌ፣ የትምባሆ ጋያና ታንኳ አሰባሰበበት። በየዕቃው ላይም ስሙንና የመጣበትን መንደር በወረቀት ጽፎ ለጠፈ። ሹሙ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ግን የተተካው ሰው አንድ ቀን እንኳ ገብቶ አላየውም።

ለአኬሎ የተሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ወለሉን ጥረጊ፣ ዕቃውን እንዳትነኪ። አኬሎ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት፤ በሥራዋ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወለሉን ጠረገች፣ ዕቃውንም አልነካችም። ጣራው ማፍሰሱን፣ ከዕቃው ሥርም በየቀኑ አፈር መገኘቱን ለአውራጃው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ለአቶ ረታ ትነግራቸዋለች። እሳቸው ለበላይ ይጽፋሉ፤ መልስ አይመጣም።

በ1961 ክረምት አንድ ጠዋት ስትገባ ዝናቡ ትልቁ ከበሮ ላይ ይወርዳል። ትእዛዙን ረስታ ልታነሳው አቀፈችው። ቆዳው እጇ ላይ ቀረ፤ እንጨቱ ደግሞ ተንዶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ለካ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ወደ ታንኳው ሄዳ ብትነካው ጎኑ ተፈረፈረ። የስም ወረቀቶቹም ተበልተው አልቀዋል። ከበሮው የየትኛው መንደር እንደነበረ የሚናገር ነገር አልቀረም።

አቶ ረታ ሲደርሱ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታለቅሳለች።

«አቶ ረታ፣ እኔ አፈር መስሎኝ ነበር» አለቻቸው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠርግ የኖርኩት ከበሮውን ነው።»

አቶ ረታ ከደጋ የመጡ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ያለ ደብዳቤ ምስማር አይነቅሉም። ያን ቀን ግን ባዶ መዝገብ አምጥተው፣ መልስ መጠበቅ እንደበቃቸውና የተረፈውን ዕቃ ስም እንድታስጽፋቸው ነገሯት። አኬሎ ሚስዮን ግቢ ያደገች የከተማ ልጅ ስለሆነች ግማሹን አታውቀውም። ታንኳ እየፈለፈሉ የኖሩትን ሽማግሌ አኳይን ይዛ መጣች።

አኳይ አንድ ዱላ መሳይ እንጨት ፊት ቆሙ። በቆርቆሮ ላይ በቀለም ስለተጻፈ የእሱ ብቻ ጽሑፍ ተርፏል። አቶ ረታ «የጦር መሣሪያ» ብለው አነበቡላቸው። ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ተቀመጡ።

«ይሄ ማማሰያ ነው» አሉ። «በዚህ የሚመታ ጠላት ገንፎ ብቻ ነው።»

ምስጡን እንዴት እንደሚያጠፉት ሲጠየቁ፣ እናታቸው ዕቃዋን ከእሳት በላይ ሰቅላ በጭስ ታቆየው እንደነበር ተናገሩ። አቶ ረታ በመንግሥት ቤት እሳት ማንደድ አስፈርቷቸው ብዙ አመነቱ። በመጨረሻ ራሳቸው በር ላይ እንደሚቆሙ ተናግረው ፈቀዱ። አኬሎ ኩበትና እርጥብ ቅጠል በብረት ምጣድ ላይ አያይዛ፣ በርና መስኮቱን ዘግታ ማጠን ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ጭሱ በጣራው ቀዳዳ ሁሉ ወጣ። መጋዘኑ የተቃጠለ የመሰለው ገበያተኛ ባልዲ ይዞ ግር ብሎ መጣ። ከፊት የነበረችው ባለሱቋ ሀያቱ አቶ ረታን ከነኮታቸው በውሃ አራሰቻቸው። አኬሎ እሳት አለመነሳቱን ለማሳየት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ሰዉ ከነባልዲው ገባ። አብዛኛው እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ መኖሩን የሰማ አልነበረም። ጭሱ እያስነጠሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ። አንዲት አሮጊት ሰማያዊ ጨሌ አንስታ ጥሎሽ የሚሰጠው በዚህ እንደነበረ አወጋች። ሌላው ጋያውን አይቶ አጎቱ እንዴት ይስብበት እንደነበር በአፉ ድምፅ እያሰማ አሳየ። አቶ ረታ ኮታቸው እየተንጠባጠበ ሲጽፉ ዋሉ፤ ሠላሳ አንድ ዕቃ ስሙን አገኘ። ሀያቱም ስላራሰቻቸው ይቅርታ ጠይቃ፣ ጣራውን የምትደፍንበት ቆርቆሮ ለአኬሎ ሰጠቻት።

የከበሮው ቦታ መዝገቡ ላይ ባዶ ሆነ። ወሬው ሲዛመት ግን ከሁለት መንደር ሽማግሌዎች መጡ፤ ሁለቱም ከበሮው የእኛ ነበር ይላሉ። አኬሎ ለማን እንደምትፈርድ አታውቅም። እሷም ቀድማ ነክታ ብታየው ኖሮ ይተርፍ እንደነበር እያሰበች፣ ከከበሮው ከቀረው አፈር አንድ እፍኝ አንስታ አሳየቻቸው።

«የቀረው ይሄ ነው» አለች። «የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አባቶቼ፣ ሁለታችሁም ሥሩልን።»

በበጋው ሁለት አዳዲስ ከበሮዎች በታንኳ መጡ። አንዱ መንደር ከሌላው እንዳያንስ ብሎ አግዝፎ ስለሠራው በበሩ ለማስገባት ግማሽ ቀን ፈጀ። ቦታ በመጥበቡም አቶ ረታ መዝገቡን ለመጻፍ እዚያ ያስገቡትን ጠረጴዛቸውን ይዘው ውጭ ማንጎው ጥላ ሥር ወጡ።