እንግዳ ሆና የመጣች ተማሪዬ

በንጉሡ ዘመን፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ እኔ በተወለድኩባት በዚያችው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤት ባልትና አስተምር ነበር። ከባሌ ወጥቼ የራቅሁት ቢበዛ አዲስ አበባ ድረስ ነው፤ እሱም ለመምህራን ኮርስ። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ አንድ ቀን ቢሮአቸው አስጠርተውኝ፣ «አንዲት ተማሪያችን ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ሄዳ እንድትማር ተመርጣለች፤ እሷን ማዘጋጀቱ ያንቺ ሥራ ነው» ሲሉኝ፣ ሌላ ሰው ሊጠሩ ፈልገው እኔን የጠሩኝ መሰለኝ።

«እኔኮ ባሕር እንኳ አይቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«ሴት ልጅ ናት። ወላጆቿ ቤት ወንድ መምህር ልልክ አልችልም» አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ልጅቷን አውቃታለሁ። የሮቤ ልጅ ነበረች፤ አባቷ እዚያ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ሮቤ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ጎባ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማርና ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ክፍል ውስጥ ጥያቄ አያልቅባትም። ሊጥ ስናቦካም፣ ልብስ ስንሰፋም፣ አፏ ከእጇ ይፈጥናል። «እስቲ ትንሽ ዝም በይ» ያልኳት ቀን ይበዛል።

በዚያው ሳምንት የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ ወደ ሮቤ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ለአባቷ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ሰውየው ሐጂ ናቸው፤ ሴት ልጃቸውን የማያውቁት ሰው ቤት፣ ያውም ክርስቲያን ቤት፣ ለዓመት አይሰጡኝም ብዬ ፈርቻለሁ። ስለ ትምህርት ጥቅም የምለው ነበረኝ፤ ስለ ሴት ልጅ እኩልነትም ጥቂት አዘጋጅቼ ነበር።

ሐጂ ከባንኮኒያቸው ኋላ አቡጀዲ እያጠፉ አዳመጡኝ። ገና ግማሹን ሳልናገር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እኔ መካ ስሄድ» አሉ፣ «መርከቡ ላይ የማውቀው ሰው አልነበረም። ስደርስም የማውቀው ሰው አልነበረም። ደህና ሄጄ ደህና ገባሁ። አላህ ካለ እሷም ደህና ትገባለች። አንቺ ብቻ የሚያስፈልጋትን ንገሪያት።»

በቃ፤ አለቀ። ያን ሁሉ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ዋጥ አድርጌ ሻይ ጠጣሁ።

እናትየው ግን ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ልሰናበት ስነሣ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ፤ እዚያ ሲደርሱ በኦሮምኛ፣ «ስትታመም ማን ያስታምማታል?» አሉኝ።

«የምታርፍበት ቤት እናት አለች፣ አዮ። እሷ ታስታምማታለች።» በኛ አገር እናትን አዮ እንላለን፤ እኔም የራሴ እናት እኩያ ስለሆኑ እንዲያ ነበር የምጠራቸው።

«አሳማ ይበላሉ ይባላል።»

«እንደማትበላ አስቀድመን እንነግራቸዋለን።»

«ቢረሱስ?»

«እነሱ ቢረሱ እሷ አትረሳም» አልኩ።

ትንሽ አሰቡና፣ «እሱስ እውነት ነው» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ማዘጋጀት የተባለው ነገር ለሁለታችንም አዲስ ነበር። በትምህርት ቤታችን ሳይንስ የምታስተምር፣ የእኔ እኩያ የሆነች የውጭ አገር ልጅ ነበረች። እሷን ለመንኩና አንድ ቀን እራት ጋበዘችን፤ እንደ አገሯ ወግ ሆኖ እንድንለማመድ። ሹካና ቢላውን ችግር የለም፣ ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። ትንሽ እንደበላን «ልጨምርላችሁ?» አለች። ተማሪዬ እንዳሳደጓት፣ «ኧረ በቃኝ» አለች። እኔም «በቃኝ» አልኩ። ሴትዮዋ እሺ ብላ ሳህኑን አንሥታ ወጥ ቤት አስገባችው። ድጋሚ የሚለምነን የለም። ከበላይዋ ሆነሽ አስተምሪያት የተባልኩት እኔ፣ አንገቴን ደፍቼ ባዶውን ጠረጴዛ አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ሚስ» አለችኝ፤ ሴት መምህራንን እንዲያ ነበር የሚጠሩን። «እኔኮ አልጠገብኩም።»

«እኔም አልጠገብኩም።»

ያልተዘጋ ሱቅ ፈልገን ዳቦ ገዛንና መንገድ ላይ እየሳቅን በላን። ከዚያ በኋላ ትምህርታችን ይኸው ሆነ፦ ሲርብሽ ራበኝ በይ፣ ሲበርድሽ በረደኝ በይ፣ ያልገባሽን አልገባኝም በይ። ለሷ ይህ አልከበዳትም። የከበደው እኔን ነው።

የሄደች ቀን እናቷ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተለወሰ ጭኮ በጣሳ ሞልተው ሻንጣዋ ውስጥ አስቀመጡላት፤ ሳይበላሽ ይቆያል፣ መንገድ ላይ ብትራብ ብለው ነው። አውቶቡሱ ሲነሣ ልጅቷ እያለቀሰችም እየተናገረች ነበር። መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ዓመቱ ለኔም ቀላል አልነበረም። እኔ ነኝ ያዘጋጀኋት፤ አንድ ነገር ብትሆን እኔ ነኝ የምጠየቀው። ደብዳቤዋ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይመጣ ነበር፣ በኋላ እየሳሳ ሄደ። በዚህ መሐል ሮቤ ገበያ ላይ ወሬ ተነሣ። ፀጉሯን ተቆርጣለች አሉ። ሃይማኖቷን ለውጣለች አሉ። አንዲት ሴት ደግሞ ጭራሽ አትመለስም፣ እዚያው ባል አግኝታለች ብላ ለእናቷ ነገረቻቸው። ይህን ስሰማ ሮቤ ሄጄ ላጽናናቸው አሰብኩና፣ ምን ብዬ? እኔስ ምን አውቃለሁ? ብዬ ቀረሁ።

የምትመለስበት ጊዜ ክረምት ላይ ዋለ። አውቶቡሱ ይገባል በተባለበት ቀን ከሐጂና ከእናትየው ጋር ሮቤ መናኸሪያ ጃንጥላ ሥር ቆመን አመሸን፤ አልመጣም። ዶዶላ በኩል መንገዱ በጭቃ ተይዞ መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል ተባለ። ሐጂ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በማግስቱም እዚያው ቆሙ። ከሰዓት በኋላ እስከ መስኮቱ ጭቃ የለበሰ አውቶቡስ መጣ። ከመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች አንዷ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ቁመቷ የጨመረ ልጅ ወረደች። አልተለወጠችም አልልም፤ ግን እሷው ናት። እናቷ በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው አዩዋት። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ሻንጣው አዞሩ። እኔ አጠገቤ ከነበረ የእህል ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ሥራዬ አለቀ፤ በሰላም ሄዳ በሰላም መጣች።

አላለቀም ነበር።

የእንግዳው ብዛት ካለፈ፣ በጉም ታርዶ ከተበላ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናትየው ጎባ እቤቴ ድረስ መጡ። ከዚያ በፊት ደጄን ረግጠው አያውቁም። ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ፣ «ልጄ እንግዳ ሆናብኛለች» አሉኝ።

«እንዴት አዮ?»

«አትናገርም። ስጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች። ከበላች በኋላ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ያቺ ለፍላፊ ልጅ። ምን አድርገዋት ነው?»

ምን አድርገዋት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ግን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ፍርሃት የዓመቱ ፍርሃት ሁሉ ተደምሮ ነበር።

ቅዳሜ ሮቤ ሄድኩ። ልጅቷ እንግዳ መቀበያው ምንጣፍ ላይ፣ ከሁሉ በተሻለው ትራስ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። የአጎቷ ልጅ ውኃ አምጥታ አስታጠበቻት። እናቷ ወተት በብርጭቆ፣ በሰሃን ላይ አድርገው አቀረቡላት። እኔ እንግዳዋ ከሷ ቀጥዬ ተስተናገድኩ። ልጅቷ አመሰገነች፤ በኦሮምኛ ያመሰገነችበት ቃል ትክክል ነው፣ ግን ቤተኛ ለቤተኛ የሚለው አይደለም።

«ትንሽ እንናፈስ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ፣ በገብሱ እርሻ ዳር ዳር ሄድን። ብዙ ከሄድን በኋላ እንዲህ አልኳት፦ «ራበኝ፣ በረደኝ ማለት አስተምሬሽ ነበር። አሁን ምን ሆነሽ ነው?»

ቆም አለች። «ሚስ፣ እኔኮ እዚያ አገር ባረፍኩበት ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ከልጃቸው ጋር በተራ፤ ተራዬን ስረሳ ደግሞ እንጣላ ነበር። እዚህ መጥረጊያ ሳነሣ እናቴ ከእጄ ትነጥቀኛለች። ተቀመጪ ትለኛለች። ውኃ ልቅዳ ስል የአጎቴን ልጅ ትልካለች። ሌላ ሰው ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ።»

«ለምን አትነግሪያትም?»

«ምን ልበላት? ያረፍኩበት ቤት ስለነበረችው ሴትዮ ትጠይቀኛለች። ጥሩ ናት እላታለሁ። ጥሩ ናት ስል ፊቷ ይጠቁራል። ክፉ ናት ብዬ ደግሞ አልዋሽም። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የመጣልኝ። ክፉ ነገር አልደረሰባትም። ሃይማኖቷም ጤናዋም ደህና ነው። የጠፋባት የቤት ውስጥ ሥራዋ ብቻ ነው። መሳቅ አማረኝ፤ ፊቷን ሳይ ግን ተውኩት።

ስንመለስ እሷን እደጅ ከአባቷ ጋር ትቼ ወጥ ቤት ገባሁ። እናትየው ትልቅ ድስት ጥደው ገንፎ ሊያገነፉ ውኃው እስኪፈላ ይጠብቃሉ።

«አዮ፣ ልጅዎን ይዘዟት» አልኳቸው።

«ምን?»

«ሥራ ይስጧት። ስታጠፋም ይቆጧት። እንግዳ ያደረጋት ያ አገር አይደለም፤ እዚሁ ቤት ነው እንግዳ የሆነችው።»

ማማሰያውን እንደያዙ እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሴቶቹ ነገሩኝኮ» አሉ። «ያን አገር ያየች ልጅ የኛን ድስት አትነካም፣ ጭሱን ትጠየፋለች አሉኝ። አዝዣት እምቢ ብትለኝስ? እምቢ ከምትለኝ ባላዛት ይሻላል ብዬ ነው።»

«እስቲ ይሞክሯት።»

ውኃው ይንተከተካል። ወደ በሩ ዞረው፣ «ኮቱ!» ብለው ተጣሩ፤ ነይ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው መጀመሪያ ፈራ ተባ ያለ ነበር። «ነይ ይህን አማስይ፣ ክንዴ ዝሏል!»

ልጅቷ በሩጫ ገባች። ሻሿን ወደ ኋላ አድርጋ ማማሰያውን ተቀበለች፤ እናትየው ዱቄቱን መጨመር ጀመሩ። ገንፎ ማማሰል ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ዓመት ሙሉ አልያዘችውም። ወዲያው ጓጎለ።

«አላልኩሽም፣ ከሥር ከሥር!»

«ከሥር ነውኮ የማማስለው። አንቺ ነሽ ዱቄቱን ያበዛሽው።»

«እኔ ነኝ ያበዛሁት? ሃያ ዓመት ያገነፋሁ እኔ?»

«እንግዲያው ለምን ጓጎለ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልደግመውም፤ ሁለቱም እኔ መኖሬን ረስተዋል። ቀስ ብዬ ወጥቼ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ሐጂ ከሱቃቸው ጥግ ጆሮአቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር።

«ተጣሉ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ሐጂ።»

«ምን ሆነው?»

«ገንፎው ጓጉሎ።»

«ድምፃቸውን ከሰማሁ ቆይቻለሁ» ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

ያን ገንፎ በቅቤና በበርበሬ በላነው። የጓጎለው ዱቄት ከምላሴ ሥር እየገባ አስቸግሮኛል። ልጅቷ ስትበላ ታወራ ነበር፤ ስለ በረዶው፣ ከዚያ ቤት ልጅ ጋር ስለነበራት ጠብ፣ ጭኮውን ለነዚያ ሰዎች ስታቀምሳቸው ስለሆነው ሁሉ። እናትየው ቅቤ እየጨመሩ፣ «ከዚያስ?» ይሏታል። ስለ ሴትዮዋ ሲነሣ እንኳ «ከዚያስ?» አሉ።

ወደ ጎባ የተመለስኩት ገብስ በጫነ መኪና ላይ ነው። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ሾፌሩም ያወራልኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። ዓመት ሙሉ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።

ልጅቷ ትምህርቷን ከበታቿ ከነበሩት ልጆች ጋር ቀጠለች፤ መጀመሪያ ቅር አላት፣ በኋላ ተላመደችው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ሲመረጥ እኔና እሷ አብረን ቤተሰቡ ዘንድ ሄድን፤ ለልጁ የምንነግረው ነበረን፣ ለእናቱ የምንነግራት ግን በዛ።

የልጅቷን እናት ደግሞ አንድ ቀን ሮቤ ገበያ፣ ከደሎ መና የመጣ ማር ሲገዙ አገኘኋቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ሰማሽ?» አሉኝ፤ «መጀመሪያ የሄደች ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ታለቅስ ነበር። እኔን ፈልጋ። ትናንት ነገረችኝ።»

«አይዞዎት አዮ፣ አልፏልኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ያዘኑ አይመስሉም ነበር። ማሩን በጣታቸው ቀምሰው፣ ጥሩ ነው ብለው፣ ለኔም አቀመሱኝ።