ገለልተኛ የሆንኩበት ከሰዓት

የታሰርኩት በጽሑፌ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ክብር አለው። እውነቱ ግን ጽሑፌን ያነበበው የለም። ስለ አገራችን ጦርነት እዚህ ጆበርግ አሜሪካኖቹ ቆንስላ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጥተን ነበር። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው አጭር ነገር መጻፍ አይሆንለትምና ካርቶኔ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌበታለሁ፤ ያውም በአማርኛ። ፖሊሱ አገላብጦ አየውና "ምን ይላል?" አለኝ። ማብራራት ስጀምር መኪናው ላይ ጫነኝ። ፔፐሬም፣ የስደተኛ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ ጊዜው አልፎበት ነበር።

የታሰርንበት ክፍል ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሰኔ ነበር፤ የጆበርግ ሰኔ ደግሞ የብርድ ወር ነው፣ አጥንት ድረስ ይገባል። ግድግዳው ሥር አንድ ያገሬ ሰው ኩርምት ብሎ ያስላል። ካትሌሆንግ የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ነበረው። ሱቁ ተዘርፎ ሊያመለክት ቢሄድ መጀመሪያ የጠየቁት ፔፐሩን ነው። ዘራፊዎቹ ውጭ ናቸው፣ እሱ እዚህ።

"ጋሼ፣ እርስዎስ በምን ገቡ?"

"በታሪክ።"

ተማሪ ያገኘ አስተማሪ መች ዝም ይላል! ካርቶኔ ላይ የጻፍኩትን ነገርኩት። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ አሜሪካ ገለልተኛ ነኝ ብላ ሕግ አወጣች፤ ለሚዋጉት ለሁለቱም መሣሪያ አልሸጥም አለች። ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ ነበረው፣ እኛ አልነበረንም። ነዳጁን ግን ሕጉ አልከለከለም፤ ለጣሊያን መሸጡ ቀጠለ።

"ታዲያ ገለልተኛነቱ የቱ ጋ ነው?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆኖ አለቀ።

"ጎበዝ!" አልኩት። የእኔ ተማሪዎች እዚህ ጥያቄ ላይ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብስ ታደለ፣ ለአንድ ሰው አንድ። በሩ እንደተዘጋ የክፍሉ አዛዥ የሆነ ግዙፍ እስረኛ መጥቶ የባለሱቁን ብርድ ልብስ ከእጁ መንጭቆ በራሱ ላይ ደረበው።

"ጋሼ፣ ይናገሩልኝ። እንግሊዝኛ ይችላሉ። አስም አለብኝ፣ ይህን ብርድ አልችለውም።"

ግዙፉ ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ። "ማዳላ፣" አለ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው፤ "አንተን ይመለከትሃል?"

የራሴን ብርድ ልብስ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። "የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልገባበትም" አልኩ። በጥሩ እንግሊዝኛ።

ባለሱቁ ትንሽ አየኝና፣ "ጋሼ፣ ነዳጁንም ይሽጡለት እንጂ" አለኝ።

ጉልበቴ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። በጉልበቴ ባሳብብ ደስ ይለኝ ነበር፤ የዘገየው ግን እሱ አልነበረም። ተነሳሁ። ሰውዬው ፊት ቆሜ "የሱን መልስለት" አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኗል። አልመታኝም። ሳቀና የእኔንም ጨምሮ ወሰደው።

የዲፕሎማሲ ችሎታዬ ይኸው ነው፤ ብርድ ልብስ የሌለው አንድ ሰው ነበር፣ ሁለት አደረግኩት። ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀን ተቀመጥን። ሲያስል ጀርባዬ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

"ጌታ ይባርክዎት" አለኝ።

"ምን አደረግኩልህ?"

"አብረውኝ በረደዎት።"

ጠዋት ስሙ ተጠራ፤ ወደ አገር ሊመልሱት ነው። የአባቱን በሬዎች ሸጦ የከፈተው ሱቅ ባዶውን ቀርቷል፣ አገርም የሚጠብቀው በሬ የለም። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

"ጋሼ፣ ያንን የአሜሪካን ነገር ለሌላም ሰው ያስተምሩ። ግን ራስዎንም ያስገቡበት።"

እኔ ፔፐሬ ታድሶ ወጣሁ። ካርቶኔንም መለሱልኝ፤ ማን ይፈልገዋል! ባለሱቁ የስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ነበር፤ ብደውል እስከ ዛሬ አይነሳም። ሂልብሮው ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር በምጋራው ክፍል፣ ካርቶኑ ከአልጋዬ ጀርባ ቆሟል። ግርጌው ላይ ትንሽ ቦታ ተርፎ ስለነበር አንድ መስመር ጨመርኩበት፤ አሁንም በአማርኛ፣ አሁንም የሚያነበው የለም፦

አንድ ሽማግሌም ነበር፤ ዘግይቶ ተነሳ።