ማጥፊያዋን ከመሰረዣዋ ያጎራበቱብኝ ሰዎች

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንዲት ፊደል አጠፋለሁ ብዬ የቡታጅራ ሰፈራችንን እድር መተዳደሪያ ደንብ እንዳለ አጠፋሁት። ዛሬም ላፕቶፕ ሳይ ጣቴን ወደ ኪሴ እከታለሁ።

ወልቂጤ ቢሮ ውስጥ በጽሕፈት መኪና ስመታ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ልጄ ላፕቶፕ ገዛችልኝ። እድሩም ደንቡን እንድጽፍ ጣለብኝ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገቡት ሳይመለሱ በጉባኤ መጽደቅ አለበት፤ ካመለጠ የድንኳኑና የድስቱ ጭቅጭቅ ሌላ ዓመት ሊከርም ነው።

በላፕቶፏ ላይ ፊደል መሰረዣዋ ቁልፍና ላፕቶፏን ራሷን ማጥፊያዋ ጎን ለጎን ናቸው። ልጄ «ሴቭ» ማድረግን አሳይታኝ ነበር፤ እኔ ግን የተመታ ነገር የትም አይሄድም ብዬ ንቄዋለሁ። ማጥፊያዋን በስህተት ስነካት ስክሪኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ደንግጬ ደግሜ ተጫንኳት፤ ላፕቶፏ እስክትሞት አለቀቅኋትም።

እየተንጨረጨርኩ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ባለቤቷን ወይንሸትን «ለሠሪዎቹ ጻፊልኝ» አልኳት። «ይቺን ማጥፊያ ከመሰረዣዋ ያርቁልን። የሽማግሌ ጣት ወፍራም ነው በያቸው።»

መልሱ ከወንበሬ ሳልነሳ መጣ። ለውድ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፍቼ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

በማግስቱ ቁልፏን መቼ እንደሚያነሷት ልጠይቅ ተመለስኩ። ወይንሸት ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«አባባ፣ ያንን እኮ ሰው አልጻፈውም። ለጻፈላቸው ሁሉ በራሱ የሚሄድ ነው።»

«እና አላነበቡትም?»

«እንጃ አባባ።»

ደግሜ አስጻፍኩ። ያቺው ምስጋና ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር መጣች።

ብስጭቴንና ላፕቶፔን ይዤ ዳማ ወደምንጫወትበት በረንዳ ሄድኩ። ተጋጣሚዬ ሸምሱ ድሮ ልብስ ነጋዴ ነበር።

«ወላሂ፣ እኔ ደንበኛ ኪሱ ጠበበኝ ካለኝ ለልብስ ሰፊው ያኑ ዕለት ነበር የምነግረው» አለ። «የእነዚህ ሰዎች ሱቅ በር የለውም?»

«በርማ አለው፤ በሩ ላይ የቆመው ማሽን ነው።»

ከዳማው ቀይ ቆርኪዎች አንዷን አንስቶ ማጥፊያዋ ላይ ደፋት፤ ዳርና ዳሯን በፕላስተር ለጠፋት። «ላፕቶፏን ስትከፍት አንሳት፤ ስትጽፍ መልሳት። ከመስቀል በኋላ ግን ቆርኪዬን።»

ደንቡን እንደ አዲስ መታሁት፤ በየመስመሩም «ሴቭ» አደረግኩ። ጣቴ ቆርኪዋን ስንት ጊዜ እንደረገጣት እሷው ትናገር። ጉባኤው ደንቡን አጸደቀ። ብዙ የተጨበጨበለት የተዋሰውን ዕቃ የማይመልስ አባል ይቀጣል የሚለው አንቀጽ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያቺ ላፕቶፕ አረጀችና ልጄ ያው ድርጅት የሠራትን አዲስ ላፕቶፕ አመጣችልኝ። ካርቶኑን እንደከፈትኩ ዓይኔ የሄደው ወደዚያችው ቦታ ነው። ማጥፊያዋ ከመሰረዣዋ ጎን ተደላድላ ተቀምጣለች። ቀጭን አድርገዋታል፣ አሳምረዋታል፤ ፈቀቅ አላደረጓትም። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ደንቡ ሲጠፋም አልተናደድኩም። ቆርኪዋን ከአሮጌዋ ነቅዬ አዲሷ ላይ ለጠፍኩ።

ስለዚህ ሸምሱ እስከ ዛሬ የሚጫወተው በአንዷ ቆርኪ ፈንታ ባቄላ አስቀምጦ ነው። ሌላ ቆርኪ ባመጣለት፣ ያዋስኩህ ይቺን አይደለም ይላል። በተሸነፈ ቁጥር በባቄላዋ ያመካኛል።

«ጸሐፊው፣ እስቲ ያንን የትውስት ዕቃ አንቀጽ በልልኝ» ይለኛል።

በቃሌ እለዋለሁ። ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ነው።