ራቤል ላይ አልከፈት ያለው ዲስክ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒውተር ጥቁር ገጹ ላይ ነጭ ፊደላት ደርድሮ ቀጥ አለ። ሃርድ ዲስኩን ሊከፍተው አልቻለም። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «ፎርማት አድርጊውና እንገላገል» ይለኛል። እኔ ከሁሉ በፊት ያየሁት የኮምፒውተሩን ቀን ነው። ቀኑ ደህና ነበር፤ ችግሩ የላላ ኬብል ሆኖ ተገኘ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝም። ሰዎቹ ወደየሥራቸው ተመለሱ፤ እኔ ግን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ በሰሜን ሸዋ ጊሼ፣ ራቤል ከተማ ሳስተምር ያሳለፍኩት አንድ ሳምንት መጣብኝ።

ጊዜው ኅዳር ሁለት ሺህ ነው፤ ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ወር ቢሆነን ነው። በጊሼ ኅዳር ማለት ገብስ የሚታጨድበት፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የሚነጣበት፣ ነፋሱ በበር ስንጥቅ እየገባ ጣት የሚያደነዝዝበት ወር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር አስተማሪ እኔ፣ ጠጋኝም እኔ፣ ማተሚያው ወረቀት ሲበላ የምጠራውም እኔ። በየፍላሹ የሚመጣው ቫይረስ ቢያስመርረኝ፣ የሪከርድ ክፍሉን ኮምፒውተር ከዩኒቨርሲቲ በሲዲ ይዤው በመጣሁት ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም እንዲሠራ አደረግሁት። ርዕሰ መምህራችን «ማንም የማያውቀውን ነገር አመጣሽብን» ብለውኝ ነበር። ቫይረሱ ሲጠፋ ዝም አሉ።

የሪከርድ ሠራተኛው ጋሽ ንጋቱ ይባሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ፣ የእጅ ጽሕፈታቸው እንደ ብራና የሚያምር ሰው ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በሁለት ጣት ነው የሚሠሩት። በእነዚያ ሁለት ጣቶች የተማሪዎችን የሦስት ዓመት ውጤት አንድ በአንድ አስገብተዋል። ዋናው የውጤት ወረቀት ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶበት በስብሷል፤ ዲስኩ ከጠፋ የልጆቹ ውጤት አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ጋሽ ንጋቱ በጥር ጡረታ ይወጣሉ። ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንኳ ፋይላቸው ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ በዚህ ይኮሩ ነበር፤ መኩራታቸውንም አይደብቁም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ዲስኩን አልከፍትም አለ። በእንግሊዝኛ ብዙ ጻፈ፤ እኔ የታችኛውን መስመር ብቻ አነበብኩ። በእጅህ መርምረህ ጠግን፣ ይላል። ልጠግን ስል ደግሞ በየደረጃው «አዎ ወይስ አይደለም?» ይለኛል። አንድ «አዎ» የሦስት ዓመት ሥራ ቢያጠፋስ? እጄን ሰበሰብኩ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ አቧራውን እፍ አልኩ፣ ሌላ ኬብል ሞከርኩ፤ ያው ነው። ደጁ ላይ ትራንስክሪፕት ፈልገው ከየገጠሩ የመጡ ልጆች ይጠብቃሉ። ርዕሰ መምህሩ ገብተው አዩና «መጨረሻ የነካው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«እንግዲህ እስከ ሰኞ ካልተከፈተ በእርስዎ ላይ ክስ እጽፋለሁ።»

ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ።

በማግስቱ ዲስኩን ፈትቼ፣ በሹራቤ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በመሐል ሜዳና በጣርማበር በኩል ደብረ ብርሃን ለመድረስ ቀኑ ሙሉ ያልቃል። መኪናው ከድንጋይ ድንጋይ ይነጥራል፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። ዲስኩ እንዳይንገጫገጭ በሁለት እጄ ስለያዝኩት፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቆሎ ሲዘግኑልኝ መቀበያ አጣሁ። «እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?» ብለው ሳቁና ቆሎውን አጎረሱኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የማውቀው ጠጋኝ ዲስኩን የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ ወዲያው ተከፈተ። የልጆቹ ስም፣ ውጤታቸው፣ ሁሉም በቦታው አለ። «ምንም አልሆነም፤ ይዘሽው ሂጂ» አለኝ። ኮፒ ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግሁም፤ ደስታ አሳወረኝ፤ ደግሞም ደክሞኛል። ዓርብ ተመልሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ራቤል ላይ ስሰካው እንደገና አልከፍትም አለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ንጋቱ አጠገቤ ቆመው ነበር። «እዚያ ተከፍቶ እዚህ ከዘጋ፣ ብርዱ ይሆን እንዴ ልጄ?»

«ደብረ ብርሃንም እኮ ይበርዳል፣ ጋሼ።»

«የኛውን ያህል?»

ገጹ ላይ ከላይ ያለውን መስመር ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ዲስኩ መጨረሻ የተከፈተበት ቀን ገና አልደረሰም፣ ይላል። የኮምፒውተሩን ቀን አየሁ፤ ዓመቱ ሁለት ሺህ፣ ወሩ ሦስት።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ይህን ቀን ነክተውት ነበር?»

«አዎን፣ ሰኞ ለታ አስተካከልኩት። ትራንስክሪፕቱ ግርጌው ላይ ሁለት ሺህ ሰባት እያለ ይወጣል። ሁለት ሺህን ገና አሁን ተቀብለን ሰባቱ ከየት መጣ? የልጆቹን ወረቀት ሐሰተኛ ይሉባቸዋል ብዬ ነው። ምነው፣ ራስዎ ያስተካክሉት ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»

እኔው ነበርኩ። ሰኞ የፈተና ወረቀት ሳርም መጥተው ቀኑ ተሳስቷል ቢሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳልል ፓስወርዱን ነግሬ ሸኘኋቸው። መልስ ሳልሰጣቸው ርዕሰ መምህሩ አስጠሯቸውና ወጡ።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። እሳቸው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አደረጉት፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ለእሱ ጊዜው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ ዲስኩ ላይ የተመዘገበው ደግሞ ሁለት ሺህ ሰባት ነው። ደብረ ብርሃን የተከፈተውም እዚያ ቀኑ ልክ ስለነበረ ነው። ቀኑን መለስኩት፤ ዲስኩ ተከፈተ።

ርዕሰ መምህሩና ጋሽ ንጋቱ አብረው ሲገቡ ክሱ ተጽፎ በርዕሰ መምህሩ እጅ ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። እውነቱን ብናገር ወይ ጋሽ ንጋቱ ይጠየቃሉ፣ ወይ ፓስወርድ የሰጠሁት እኔ፤ የሙከራ ጊዜዬ ደግሞ ገና አላለቀም።

«ብርዱ ነው» አልኩ።

«አላልኩሽም!» አሉ ጋሽ ንጋቱ፤ ፊታቸው በራ። ደብዳቤው ተቀደደ። ዳግመኛ ቀኑን እንዳይነኩት ፓስወርዱን ቀየርኩ፤ የትራንስክሪፕቱም ቀን በእጅ እንዲጻፍ አደረግሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሩ ባና ለብሶ አገኘሁት። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ ነው፤ በዚያ አገር ያለ እሱ ኅዳርን መዝለቅ ከባድ ነው። የጋሽ ንጋቱ ነበር፤ ያላቸውም እሱ ብቻ ነው። «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» አሉኝ። በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ኮምፒውተሩን አልብሰው፣ እሳቸው በስስ ኮት ነፋሱን እየተጋፈጡ አንድ ሰዓት በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በታኅሣሥ ሳል ጀመራቸው። እየሳሉ ይገቡና ባናውን ገልጠው ኮምፒውተሩን በመዳፋቸው ይዳስሱታል። «ደህና አድሯል» ይላሉ።

በየጠዋቱ ልነግራቸው እችል ነበር። ጋሼ፣ ብርዱ አይደለም፣ ባናዎን ይልበሱ ማለት ብቻ ነው። ታዲያ ምን ነበር? ይሉኛል። ያን ጥያቄ ፈርቼ ለሳምንታት ሲስሉ ሰማኋቸው። በጥር ፋይላቸው ንጹሕ እንደሆነ ወጡ። ባናውንም ትተውት ሄዱ፤ «እኔ እንግዲህ እሳት ዳር ነኝ፣ እሱ ይልበስ» ብለው።

ማረፋቸውን የሰማሁት አምና ነው። ለቅሶ እደርሳለሁ ብዬ ተነሥቼ መንገዱ ደከመኝና ቀረሁ። እሳቸውን ለማዳን ነው የዋሸሁት እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ለርዕሰ መምህሩ የዋሸሁት እውነትም አድኗቸው ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ዝም ያልኩት ግን ለራሴ ነበር፤ የበረዳቸው እሳቸው ናቸው።