በረዶ የሚበላበት ዘፈን

ናፖሊ የራሷ ንጉሥ በነበራት ዘመን ጄልሶሚና የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ዘፋኝ ሲባል ታዲያ እንደምታስቡት አይደለም። በየኦፔራው የዋናዋ ዘፋኝ ገረድ ወይም ሞግዚት ሆና ትተውናለች፤ የሚሰጣትም አንድ ዘፈን ብቻ ነው። እሱም ዋናዋ ዘፋኝ እንድታርፍ ነው። እሷ አፏን ስትከፍት ታዳሚው ፊቱን አዙሮ ወሬውን ይጀምራል፤ በረዶ ሻጩም ጣፋጩን የሎሚ በረዶ በብርጭቆ ይዞ ይዞራል። ዘፈኗ ስም እንኳ አልነበረውም፤ "የበረዶው ዘፈን" ነበር የሚሉት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንኪያ ኳኳታ ዘፈነች።

አባቷ አኒየሎ ከከተማው ማዶ፣ ፕሮቺዳ በምትባለው ደሴት ሎሚ ያለማል። ማንበብ አይችልም፤ ደብዳቤዋን የሚያነብለት ቄሱ ነው። ስለ ጥንቷ የባቢሎን ንግሥት የተደረሰ አዲስ ኦፔራ ሊታይ ሲል፣ ምን ሰይጣን እንደገፋፋት እንጃ፣ "ዘንድሮ ንግሥቲቱ እኔ ነኝ" ብላ ጻፈችለት። አኒየሎ ደሴት ላይ ተወልዶ ባሕር የሚፈራ ሰው ነው፤ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ማን ይመጣል ብላ!

መጣ። የክት ኮቱን ለብሶ፣ አንድ ቅርጫት ሎሚ ተሸክሞ፣ ስምንት ጎረቤት አስከትሎ ቴአትር ቤቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ተሰየመ። ንግሥቲቱ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ብቅ ስትል ዘጠኙም ብድግ አሉ።

"ጄልሶሚና! እሰይ የኛ ልጅ!"

ከሻሹ ሥር የነበረችው ግን ዋናዋ ዘፋኝ እመቤት ባልቢና ነበረች። ጄልሶሚና ከኋላዋ ማራገቢያ ይዛ ቆማለች። የአባቷን ድምፅ ለየችው፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ባልቢና ድምፅዋን ስታንቆረቁር ቆይታ ልታርፍ ገባች፤ የጄልሶሚና ተራ ደረሰ። ንግሥቲቱ ሳታውቅ የገዛ ልጇን አስገድላለች፤ ገረዲቱ ሬሳውን ለማጠብ ውሃ እየቀዳች ታለቅሳለች። አንጀት የሚበላ ዘፈን ነው፤ ግን ማን ሊሰማ! ጎረቤቶቹም ሰዉ ሲንቀሳቀስ አይተው በረዶውን ሊቀምሱ ወረዱ። ቀና ስትል ከባዶው ወንበር መሐል አንድ ሰው ቆሟል። ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተቀመጠም። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከእሱ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ንግሥቲቱ መርዟን ጠጥታ ከሞተች በኋላ ባልቢና ከመድረኩ ጀርባ አፋጠጠቻት።

"ስሚ አንቺ! እኔ መድረክ ላይ ስወጣ ያንቺን ስም የሚጮኹት እነማን ናቸው?"

"እኔ እንጃ እመቤቴ። አላውቃቸውም።"

"አታውቂያቸውም? አንዱ ይኸው መጣልሽ!"

ዞር ስትል አባቷ ቅርጫቱን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ልጁ ግን ዞር ብሎ አላየም።

"ይቅርታ ያድርጉልን እመቤቴ፤ የገጠር ሰዎች ነን፣ ስሙን ተሳስተን ነው" አለ ጎንበስ ብሎ። "የመጣነው ለእርስዎ ነው። ይቺን ሎሚ ይቀበሉን። ያቺንም ልጅ አይቆጧት፤ እሷ ምን አደረገች? ደግሞ ጥሩ ትዘፍናለች።"

ወጣ። "አባዬ" ለማለት አንዲት ቃል ነበር የሚያስፈልጋት። በገረድነቷ ያፈረች መስሏት ነበር፤ ያፈረችው ግን ባሕር ተሻግሮ በመጣው አባቷ ነው። ይህን ስታውቅ ፊቷ በእፍረት ነደደ፤ እግሯ ግን አልተነቃነቀም።

ባልቢና ሎሚ ለጉሮሮዬ አይስማማኝም ብላ ቅርጫቱን ለበረዶ ሻጩ ሰጠችው። በማግስቱ ጄልሶሚና ውሃ መቅጃዋን ይዛ ስትወጣ አዳራሹ ከወትሮው ይበልጥ ተንጫጫ።

"ኧረ የዛሬውስ በረዶ! ከየት ያመጡት ሎሚ ነው?"

ሽታው መድረኩ ድረስ ደረሰ። ከየት እንደመጣ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ዘፈኗን ቀጠለች።